ልጅቷ ቀበሌ ትግባ ወይስ ትቅር? ሐዋሳ ላይ ያነሣሁት ጥያቄና የመጡልኝ መልሶች

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም የሐዋሳ ሰዎች። የምጠይቃችሁ ስለ እህቴ ልጅ ነው። 24 ዓመቷ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ቋሚ ሥራ ገና አላገኘችም። ባለፈው ወር ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለው ሰፈራችን ስለ ጎርፍ መውረጃ ቦዩ ሊነጋገር ተሰብስቦ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው ግቢያችን ይገባል። ሁሉም በአንድ ላይ ሲጮህ እሷ ተነሣችና የተባለውን ሁሉ በአራት ነጥብ ከፍላ አነበበች። ለካ ጥግ ይዛ ስትጽፍ ቆይታለች። ወዲያው የሰፈሩ ተወካይ ትሁን ተባለ። ከቀበሌ የመጡት ሰዎችም ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ መጥታ እንድታስረዳ፣ ቀስ በቀስም ኮሚቴ ውስጥ እንድትሠራ ጠየቋት።

እናቷ በፍጹም አለች። ቀበሌ የልጅ ዕድሜ ይበላል፣ ከጎረቤት ያቀያይማል ባይ ናት። እኔ ደግሞ ልጅቷ ያን ቀን የቆመችበት አቋቋም ከዓይኔ አልጠፋም። ስለዚህ ልጠይቃችሁ። የቀበሌና የከተማ ምክር ቤት በእውነት አገልግሎት ያሻሽላል? ነገ የሚመራን ሰውስ እዚያ ውስጥ ያድጋል? ያያችሁትን ብቻ ንገሩኝ።

መልሶቹ

ሃያ መልስ መጣልኝ። አንዳንዱ አስተምሮኛል፣ አንዳንዱ አሳዝኖኛል። እንደ አመጣጣቸው ላውራችሁ።

1ኛ። መጀመሪያ የመለሱልኝ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ትግባ ብለዋል። እርሳቸው ቀበሌ ሲገቡ ዕድሜያቸው ከእህቴ ልጅ ያነሰ ነበር። ጊዜው 1967 ነው። አዋጅ ቁጥር 47 ወጥቶ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ነዋሪውም በቀበሌ ማኅበር ተደራጀ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ቀበሌ እጅ ገቡ። በአንድ ጊዜ ሃያዎቹን ያልጨረሱ ልጆች የቤት ኪራይ ሰብሳቢ፣ ጣሪያ አስጠጋኝ፣ ጠብ አስታራቂ ሆኑ። ከዚያ በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው መጣ። ጋሼ ቃለ ጉባኤ መያዝን፣ ሰው ሳያስቀይሙ ስብሰባ መዝጋትን የተማሩት ያኔ እንደሆነ ጽፈዋል። በኋላ ትምህርት ቤት ሲመሩም የጠቀማቸው ያው ነው።

2ኛ። ይህኛው ሰው ሰላምታም አልሰጠ። መምህሩ ግማሹን ብቻ አወሩ ነው የሚለው። በዚያው ዘመን ቀበሌ ጠመንጃም ነበረው። አጎቱን ከቤት የወሰዱት የሰፈሩ የቀበሌ ጠባቂዎች ናቸው፤ የሚያውቁት ልጆች። አያቱ እስኪሞቱ ድረስ ቀበሌ የሚለውን ቃል ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ አልጠሩትም። የእህቴ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ያላወቀ ሰው ለልጅቷ ምክር ባይሰጥ ይሻላል ብሎ ዘጋው። ሳነበው ዝም ነው ያልኩት። እውነቱን ነው። እኛ ቤትም በዚያ ዘመን ስሙ የማይነሣ ሰው አለ።

3ኛ። መምህሩ ተመለሱ። ይቅርታ ጠየቁ። ያንን የዘለሉት ረስተውት አይደለም፣ ስለሚከብዳቸው ነው። የጨመሩት አንድ ነገር አለ። የዚያን ጊዜው ቀበሌ የተበላሸው ወጣቶች ስለገቡበት አይደለም ይላሉ። ለላይኛው አካል ብቻ እንጂ ለሰፈሩ ሰው መልስ መስጠት ስለቀረ ነው። ይህቺን አስተውሉልኝ። በኋላ ደጋግማ ትመጣለች።

4ኛ። አንድ የሕግ ባለሙያ ነገሩን አጠሩልን። ብዙዎቻችን ቀበሌ ስንል ሦስት ነገር አደባልቀን ነው። ምክር ቤቱ አለ፣ አስተዳደሩ አለ፣ መስኮት ላይ የሚያስተናግደን ሠራተኛ አለ። መታወቂያ የሚሰጠን፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልን ምክር ቤቱ አይደለም። የልደትና የሞት ምዝገባም እንደዚያው፣ በአዋጅ 760/2004 መሠረት ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራ የባለሙያ ሥራ ነው። የምክር ቤቱ ሥራ ዕቅድና በጀት ማጽደቅ፣ አስተዳደሩን መከታተል፣ ለምን ብሎ መጠየቅ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ላይ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለታችኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ግልጽ እንዲሆን፣ ሕዝብም እምነት ያጣበትን ተወካይ እንዲያነሣ ይፈቅዳል። ልጅቷ ከመግባቷ በፊት እነዚህን ሁለቱን ታንብብ ብለዋል። ለእሷ አትሜ ሰጥቻታለሁ።

5ኛ። ወዲያው የሚያርም ሰው መጣ፤ አነጋገሩ ኮስተር ያለ ነው። ወረቀቱ ያማረ ነው፣ ምክር ቤቱን ግን መቼ መረጥን ብሎ ጠየቀ። በአገር ደረጃ የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ነበር። የ2010ሩ ተራዘመ። ሰኔ 2013 ድምፅ የሰጠነው ለፌደራልና ለክልል ምክር ቤት ነው። በቀጥታ ያልመረጥኩት ተወካይ እኔን ለምን ይፈራኛል ነው ነገሩ። የሕግ ባለሙያው አልተቃወሙትም። እኔም አልቃወመውም። ጉድለቱ ትልቅ ነው፤ በሌላ ወሬ ሊሸፈን አይገባም።

6ኛ። ስለ ቁጥር የጻፈ አለ። በ2000 ምርጫ በብዙ ቦታ የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 ሰው ድረስ እንዲሰፋ ተደርጎ ነበር። ያኔ አባል የነበሩት አባቱ ስብሰባ ሲሄዱ አዳራሹ ሞልቶ ውጭ ይቆሙ ነበር። 300 ሰው ባለበት ማንም ራሱን ተጠያቂ አድርጎ አያስብም ይላል። ጥቂት ሰው ሆኖ እያንዳንዱ የራሱ መንገድ ቢኖረው ይመርጣል። ከዚህ ቦይ እስከዚያ ቦይ ያንተ ነው እንደ ማለት።

7ኛ። ይቺን መልስ ደጋግሜ አነበብኳት። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። በማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም ጊዜ አንድ ጤና ጣቢያ ላይ የውጤት መስጫ ካርድ ሲሠራ ነበረች። አሠራሩን ሳታቻኩል ነው የነገረችን። መጀመሪያ ተገልጋዮች ለብቻቸው ይቀመጣሉ። የካርድ ክፍል ወረፋ፣ የመድኃኒት መኖር፣ የሠራተኛ ፊት፣ የመጸዳጃ ቤት ንጽሕና እያሉ ለእያንዳንዱ ከአንድ እስከ አምስት ይሰጣሉ። ሴቶች ለብቻ፣ ወጣቶች ለብቻ። ሠራተኞችም በበኩላቸው ራሳቸውን ይመዝናሉ። ከዚያ ሁለቱ ወገን የምክር ቤት አባላት ባሉበት ፊት ለፊት ይገናኛል።

በመጀመሪያው ቀን እሷ ራሷ አልቅሳለች። ለሠራተኛ ፊት የተሰጠው አንድ ነበር። ስትሰማ ግን እናቶቹ የተቆጡት በእሷ አልነበረም። ካርድ ክፍሉ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይከፈታል ተብሎ ሦስት ተኩል ነው የሚከፈተው። ልጅ ታቅፈው ፀሐይ ላይ ይቆማሉ። መፍትሔው ገንዘብ አልጠየቀም። ሁለት ሠራተኛ በፈረቃ ቀድሞ እንዲገባ ተስማሙ፤ የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴም በየወሩ እየመጣ ሊያይ ቃል ገባ። መጣም። በየወሩ ደብተሯን ይዛ ትመጣ የነበረችው ልጅ ያኔ ሥራ አጥ ነበረች። ዛሬ ሌላ ከተማ ውስጥ የሴቶች ጉዳይ ኃላፊ ናት። የጤና ባለሙያዋ የነገረችን ይህንን ነው፤ ልጅቷን ማንም ስብሰባ ጠርቶ አመራርነት አላስተማራትም። በየወሩ ያንኑ በር ማንኳኳት ነው ያሳደጋት።

ከ8ኛ እስከ 10ኛ። እዚህ ላይ ከመንገድ ወጣን። አንድ የባጃጅ ሾፌር ኮብልስቶኑ ለውሃ መስመር ተብሎ ተነቅሎ እንዳልተመለሰ አነሣ። ሌላው ባጃጆች ራሳቸው በማይፈቀድላቸው መስመር እየገቡ ነው ብሎ መለሰለት። ሦስተኛው ስለ ነዳጅ ወረፋ ጀመረ። የሾፌሩ ነጥብ ግን ከጉዳዩ አልራቀም። ድንጋዩን የነጠፈው አንድ ቢሮ፣ የነቀለው ሌላ ቢሮ ነው። ሁለቱን አንድ ወንበር ላይ አስቀምጦ ማን ይመልሰው ብሎ የሚጠይቅ ከምክር ቤት ሌላ ማነው?

11ኛ። አንድ የሲዳማ ወንድማችን ደግሞ ከዚህ ሁሉ አዋጅ በፊት እኛ ምክር ቤት ነበረን አለን። ሶንጎ። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጉዳይ የሚያዩበት። እዚያ የሚሠራበት ልማድ አፊኒ ይባላል። ቃሉ ሰማችሁ ወይ እንደ ማለት ነው። አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ሌላው መስማቱን ያረጋግጣል፤ ሁሉም ሳይሰማ ውሳኔ የለም። የሚፈለገውም ሐላሌ ነው፤ እውነት። መሪ የሚወጣውም በሉዋ ነው፤ ደራራ፣ ፉላሳ፣ ሂርቦራ፣ ዋዋሳ፣ ሞጊሳ የሚባሉት አምስቱ የዕድሜ ምድቦች በየተራቸው ኃላፊነት ይረከባሉ። ወጣቱ ተራው ሳይደርስ አይዘልም፤ ተራው ሲደርስም ባዶ እጁን አይመጣም፣ ታንጾ ነው የሚመጣው። የዛሬው ምክር ቤታችን ይህንን ረስቷል የሚል ቁጭት አለው። ክልል ከሆንን በኋላ እንኳ ስብሰባዎቻችን ውስጥ አፊኒ ስሙ እንጂ ሥራው አይታይም ይላል።

ቁጭቱ ገባኝ። ስንት ስብሰባ ላይ ተቀምጫለሁ! ተናጋሪው ሰማችሁ ወይ ሳይል ወጥቶ ይሄዳል።

12ኛ። የቀድሞ የቀበሌ ምክር ቤት አባል የነበረች ሴት መለሰችለት። በአክብሮት ጀመረች። ሶንጎን እንደምትወድ፣ አያቷም እዚያ ይቀመጡ እንደነበር ተናገረች። ነገር ግን ወንድ አያቷ እንጂ ሴት አያቷ አልተቀመጡም። የሲዳማ ሴቶች በደል ሲበዛባቸው ያካ ብለው ተሰባስበው የሚወጡትም ለዚህ ነው፤ ዛፉ ሥር ቦታ ስላልነበራቸው። ስለዚህ ልማዱን ስናነሣ ግማሹን ሰው ውጭ አናስቀር ነው የምትለው።

ከዚያ የራሷን አወራች። ምክር ቤት ስትገባ መጀመሪያ የተሰጣት ሥራ ቃለ ጉባኤ መያዝና ቡና ማስፈላት ነበር። ቡናውን አልፈልግም አለች፤ ቃለ ጉባኤውን ያዘች። በዚያው ቃለ ጉባኤ ነው ሁሉን የተማረችው። ባለፈው ስብሰባ ምን እንደተወሰነ የሚያስታውስ እሷ ብቻ ሆነች። ሰብሳቢው ሳይቀር ይጠይቃት ጀመር።

የእኛን ቦይ በተመለከተ የሰጠችው ምክር ወርቅ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሰው ግን ጎርፍ ግቢው ሲገባ ሐምሌ ላይ ይጮኻል። ያኔ በጀቱ ጸድቋል፣ ዕቅዱ ተዘግቷል። ጥያቄው መቅረብ ያለበት በበጋ፣ ዕቅድ ሳይታሰር ነው። ሲቀርብም ቦያችን ተደፈነ ብቻ ተብሎ አይደለም። ስንት ሜትር ነው፣ ስንት አባወራ ይጎዳል፣ ውሃው ከየት ይመጣል፣ የት ይሄዳል፣ ሰፈሩ በጉልበትም በገንዘብም ምን ያዋጣል። ሐዋሳ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም ባንክ ድጋፍ በተካሄደው የከተሞች የአካባቢ መንግሥት ልማት ፕሮግራም ከታቀፉት ከተሞች አንዷ ነበረች። ያኔ የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ፣ ማለትም የከተማው የግንባታ ሥራዎች ዕቅድ፣ ለነዋሪው ውይይት ሲቀርብ እሷ ተገኝታለች። ቁጥር ይዞ የመጣው ሰፈር ተሰማ። ቁጥር ያልያዘው ተጨብጭቦለት ተመለሰ።

የመጨረሻው ነጥቧ ግን ከሁሉ በለጠብኝ። አንድ ዓመት የሰፈሯ የመንገድ መብራት ጥያቄ ውድቅ ሆነ። ወደ ሰፈር ተመልሳ አልተሳካም፣ ምክንያቱም ይህ ነው ብላ ለመናገር ሁለት ሳምንት አፍራ ቆየች። በመጨረሻ ቅዳሜ ቀን ሰው ሰብስባ ነገረቻቸው። የተቆጣ ነበር፣ ሳይሰናበት ተነሥቶ የሄደም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግን ከእሷ ጋር ቢሮ ድረስ የሄዱት እነዚያው ናቸው። መብራቱም ገባ።

እኔ የምፈልገውን እዚህ አገኘሁት። አገልግሎቱን ያስተካከለውም ሴትዮዋን መሪ ያደረጋትም ያ ሁለት ሳምንት ያፈረችበት ቅዳሜ ነው። መምህሩ በ3ኛው መልስ ያሉትም ይኸው ነው፤ ዞሮ ለሰፈሩ ሰው መልስ መስጠት። ጤና ጣቢያው ላይ በየወሩ የምትመጣው ልጅም ይህንኑ ነው የምታደርገው። እምቢ የተባለውንም ተሸክሞ መመለስ ያልለመደ ሰው ከንቲባ ቢሆንም ያው ነው።

13ኛ። አጭር ናት። አመሰግናለሁ ይህንን ለሰፈሬ ልኬዋለሁ የምትል።

14ኛ። አንድ ወጣት ሁላችንንም ቆጣ ብሎ ተናገረን። የዋህ ነው ያለን። እሱ በአንድ ቀበሌ የወጣቶች ኮሚቴ ውስጥ በቅን ልብ ገብቶ ነበር። ሦስተኛው ስብሰባ ላይ የፓርቲ ፎርም ቀረበለት። አልሞላም ሲል ስብሰባ ሲኖር አይነገረውም ጀመር። የመሥሪያ ቦታ ለማግኘት የተደራጁት ጓደኞቹም ስማቸው ከዝርዝር ወጣ። በፓርቲ በር ብቻ የሚገባበት ቤት መሪ አያሳድግም፣ ታዛዥ ያሳድጋል ብሏል።

15ኛ። የመለሰለት ሰው ክፉ ተናገረ። ሰነፍ ሁሉ ምክንያት አያጣም፣ ቤትህ ተኛ፣ ቦዩም ይደፈን የሚል ዓይነት ነው። እዚህ ላይ ገብቼ እንዲያቆም ጠየቅኩት። ልጁ የደረሰበትን ነው የተናገረው። የደረሰበትን የተናገረ ሰው ሊሰደብ አይገባም። ምክር ቤት የሁሉም ነዋሪ ነው፤ ፎርም ያልሞላም ሰው ግቢ ጎርፉ ይገባል።

16ኛ። ነገሩን ያበረዱት አንድ የእድር ዳኛ ናቸው። ልጄ ተመለስ ብለው ለወጣቱ ጻፉ። ቀበሌ በሩን ቢዘጋብህ እድር አለ። እድር ውስጥ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ኦዲተር ይመረጣል። መተዳደሪያ ደንብ አለ። ሒሳቡ በአባላት ፊት ይነበባል፤ አንድ ድንኳን ቢጠፋ ገንዘብ ያዡ ይጠየቃል። በእርሳቸው ሰፈር ቦዩን ያስጠረገው እድሩ ነው። ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው ወጣ፣ ያልወጣ ቅጣት ከፈለ። በኋላ ለቀበሌው ሲቀርቡ እኛ ይህን ሠርተናል፣ የቀረው ኮንክሪት የእናንተ ነው አሉ። እንዲህ ብሎ የመጣን ሰው ባዶ እጁን መመለስ ይከብዳል። ወጣቱ እሺ ጋሼ ብሎ ብቻ መለሰ። ደስ አለኝ።

17ኛ። አንድ ዓሣ ነጋዴ ከአሞራ ገደል ጻፈ። መጀመሪያ የዓሣ ዋጋ ነበር ወሬው። ከዚያ ግን ስለ ሐይቁ አነሣ። ጥቁር ውሃ ይገባበታል፤ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ስለዚህ ከእናንተ ቦይ የሚወርደው ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ እኛ መረብ ውስጥ ነው የሚገኘው፣ የትም አይሄድም አለ። የላይኛው ሰፈር ቦዩን ሲያስጠርግ ቆሻሻውን ወደ ታች ገፍቶ ጨረስኩ እንዳይል ለመነን። ይህን የሐይቅ ዳር ቀበሌዎችና የታቦር ቀበሌዎች አንድ ላይ ካልተነጋገሩበት በየሰፈሩ ብቻ አይፈታም። የከተማው ምክር ቤት ሥራ እዚህ ጋ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ።

18ኛ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። የትምህርት ቤቷ የተማሪዎች ፓርላማ አባል ነች። ለመምረጥ 18፣ ለመመረጥ 21 ዓመት እንደሚያስፈልግ በአዋጅ 1162/2011 አንብባለች። እስከዚያ ምን ልሥራ ብላ ጠየቀች። የቀድሞዋ የምክር ቤት አባል መለሰችላት፤ ወላጅ፣ ተማሪና መምህር የሚሰበሰብበት ወተመህ ላይ ተማሪ ወንበር አለው፣ ሂጂና ቃለ ጉባኤውን ያዢ አለቻት።

19ኛ። ይህችን አልጠበቅኋትም። እህቴ ናት። ሁሉንም እንዳነበበች ጻፈች። 2ኛው ሰው የተናገረው የእሷም ታሪክ ነው። 14ኛውም የፈራችው ነው። ልጄ ትግባ አላልኩም ብላለች። ግን የቦዩ ጉዳይ ብቻ ከሆነ፣ ፎርም የሚባል ነገር የመጣ ቀን ጥላ እንድትወጣ፣ የሆነውንም ያልሆነውንም ለሰፈሩ ሰው እንድትናገር ቃል ከገባች አልከለክላትም አለች። ልጅቷ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። አንብባ ወጣች። ወደ እናቷ ቤት ነው የሄደችው።

20ኛ። የመጨረሻው በግንባታ ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው። ወሬ አላበዛም። ሃምሳ ሜትር የሚደርስ የመለኪያ ሜትር አለው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል። ጫፉን የሚይዝለት አንድ ሰው ብቻ ነው የፈለገው። እኔ እይዛለሁ አልኩት። እሷ ትጽፋለች።